ሰኞ የተሰጣው አሥራ ሰባት ቁጥር

ሜይ 26፣ ሰኞ

የምጽፈው ሐኪሟ ጻፊ ስላለችኝ ነው። በክረምቱ በረዶ ደጄ ደረጃ ላይ አንሸራቶኝ የእጅ አንጓዬ ከተሰበረ ወዲህ ጣቶቼ ገመድ ላይ ውርጭ እንደመታው ካልሲ ድርቅ ብለዋል። በየቀኑ ትንሽ ከጻፍሽ ይፍታታሉ አለችኝ። ምን ልጻፍ ብላት የመጣልሽን አለች። የመጣልኝን ሁሉ ብጽፍማ ወረቀት አይበቃኝም! ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ስህተት ቢኖረውም የማየው እኔው ነኝ።

ደብተሩ የብሮዲ ነው። ፊት ያሉት አራት ገጾች የሂሳብ ሥራው ናቸው፣ ግማሹ ስህተት። አልቀደድኳቸውም።

ብሮዲ ባባ እያለ ይጠራኛል፣ በእኛ በዩክሬኖቹ አያቴ ማለት ነው። ግን የልጅ ልጄ አይደለም። እዚህ ሆልም ሌክ የወጣት ሆኪ ቡድን አለን፣ በረዶ ላይ የሚጫወቱት፤ ልጆቹ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ከየአገሩ ይመጡና እኛ ሴቶቹ ቤት ያድራሉ። እናበላለን፣ እናጥባለን፣ ሲሸነፉ ዝም እንላለን። እኔ አሥራ አንድ ልጅ አሳድሬያለሁ። ብሮዲ የመጨረሻው ነው፣ ሦስት ዓመት ኖሯል። ዛሬ ሃያ ሦስት ሞልቶት ለሬጃይና ትልቁ ቡድን ይጫወታል፣ አሥራ ሰባት ቁጥር። የሆዴ ልጅ ዋሊ ደግሞ የሳስካቱን ቡድን ሥራ አስኪያጅ ነው። ሳስካቱንና ሬጃይናን ድመትና ውሻ ብላቸው ድመትና ውሻው ይቀየሙኛል።

እጄ ደከመ።

ጁን 1፣ እሁድ

ዋሊ መጣ። ባለፈው እሁድም መጥቶ ነበር። ድሮ ለገና ነው የሚመጣው፣ ደግሞ ስወድቅ። አንድ ሰዓት ተኩል መንዳት ነው፣ እሱም ሥራው ብዙ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ሁለት እሁድ በተከታታይ! የሞተ ሰው አለ እንዴ ብዬ ነበር።

ወንበሩ ላይ ሳይመቸው ተቀምጦ፣ «እማ፣ ብሮዲ ይደውላል?» አለኝ።

«እሁድ እሁድ ማታ። ምነው?»

«እንዲሁ ነው።»

ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እንዲሁ ነው ሲል ግን ጆሮው ይቀላል። ቆይቶ አወጣው። የብሮዲ ውል በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። ያልቃል እንጂ አይፈታም፤ ሌላ ቡድን ይህን ያህል እከፍለዋለሁ ብሎ ቢያስፈርመው ሬጃይናዎች ሰባት ቀን አላቸው። እኩል እንከፍላለን ካሉ ይቀራል። ዝም ካሉ ይሄዳል፤ የወሰደው ቡድን ደግሞ በሚመጣው ዓመት ከአዲሶቹ ልጆች ቀድሞ የመምረጥ ተራውን ይሰጣቸዋል፣ ካሣ መሆኑ ነው።

«ታዲያ አስፈርመው!» አልኩት። ከአፌ ሮጦ ነው የወጣው።

«ቀላል አይደለም» አለ። ሥራ አስኪያጆች እንዲህ አይደራረጉም አለኝ። ሕጉ ይፈቅዳል፣ ግን ነውር ነው። አንዱ የአንዱን ልጅ አይነካም።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ስነካ ነው የኖርኩት» አልኩት። ሳቀ። ትንሽ።

ምሳ አልበላም። ምን እንደሚበላ ብጠይቀው «ግድ የለም» አለኝ። ግድ የለም የሚባል ምግብ የት አለ?

ጁን 2፣ ሰኞ

አጠብኩ። ነፋስ ነበር። ብሮዲ ትናንት ማታ ደውሎ ብዙ አወራ። በኋላ እጽፋለሁ።

ጁን 4

አልጻፍኩትም። ዛሬም አልጽፈውም። የጓሮዬ ሩባርብ ተክል ደርሷል፣ እሱን እቆርጣለሁ።

ጁን 8፣ እሁድ

እሺ፣ ዋሊ ዛሬም መጣ። አሁንስ ገባኝ፣ ለብሮዲ ጉዳይ ነው የሚመጣው። ይምጣ፣ ምን አለበት።

የሬጃይናው ሥራ አስኪያጅ ሌስ ነው። የእኛው ሌስ ቶርጌርሰን! ዋሊ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለሆኪ ከቤቴ ሲወጣ ስዊፍት ከረንት ከተማ ወይዘሮ ሃልቮርሰን የምትባል ሴት ዘንድ ነው ያደረው፤ ሌስ በዚያው ክፍል ከጎኑ አልጋ ላይ ይተኛ ነበር። ወንድም በላቸው። የዋሊ ሠርግ ላይ ሚዜ ነበር፣ ሰክሮ አጥራችን ውስጥ ወድቋል።

«ሌስ ይቀየመኛል» አለ ዋሊ።

«ይቀየምሃል።»

«የቡድኑ ባለቤት ግን ሌላ ነገር አያወራም። መሐል ላይ የሚጫወት ልጅ ከሌለን በሚመጣው ዓመት እኔም የለሁም።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየኝ። «እማ፣ ልጁን ከአንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። ብጠራው ይመጣል ወይ? ላድርገው?»

«እየሮጠ ነው የሚመጣልህ» አልኩት።

ይኸው፣ ያልጻፍኩት ነገር። ብሮዲ ባለፈው እሁድ የነገረኝ እንዲህ ነው፦ «ባባ፣ ከጆስሊን ጋር ቤት ገዛን። ለውሻ የሚሆን ግቢ አለው። ሌላ ቦታ መኖር አይታየኝም።» ቃል በቃል። ጆስሊን ጓደኛው ናት፣ ጥርስ ታጸዳለች፣ ጥሩ ልጅ ናት።

ለዋሊ አልነገርኩትም። ለምን ዋሸሽ የሚለኝ የለም፣ ብሮዲ ምን አለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለምና። ብሮዲ ሳስካቱን ቢሆን ሐሙስ ሐሙስ ቤቴ ይበላል ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ጁን 11

ፍሎ ጎረቤቴ ለሻይ መጣች። «ዋሊ መኪናውን ደጅሽ ላይ ተከለው እኮ! ፈታችው እንዴ ሚስቱ?» አለች። አፏ አያርፍ። እኔም አፌ አያርፍ፣ ግን ምንም አላልኩም። ብስኩቱን አቀረብኩላት፣ አፏ ሥራ አገኘ።

ጁን 15፣ እሁድ

ስለ ብሮዲ ሊያወራ መጣ። ሲያወራ እጁ ሥራ መፍታት አይወድም መሰለኝ፣ ደረጃዬ ላይ መደገፊያ ሠራ፣ ያ የወደቅኩበት ላይ። እንጨቱን በልኩ አስቆርጦ ከሳስካቱን መኪናው ላይ ጭኖ ነው የመጣው። ሚስማር አፉ ውስጥ አድርጎ፦

«ብሮዲ ጉልበቱ እንዴት ነው?» ቋ ቋ። «ያዥውና እስቲ እይው፣ ይወዛወዛል?»

አይወዛወዝም። ዝሆን ይይዛል።

ስለ ብሮዲ ግን ከዚያች ከጉልበቱ ሌላ ምንም ሳይጠይቀኝ ሄደ። ረሳው ይሆናል።

ጁን 22፣ እሁድ

ትልቅ ምስጢር ነገረኝ። ሁሉም ቡድን ለተጫዋቾቹ ሊከፍል የሚችለው ጣሪያ አለው፤ የሌስ ቡድን ደግሞ ጣሪያው ላይ ተለጥፏል። ዋሊ ጁላይ አንድ ላይ ብሮዲን በትልቅ ደሞዝ ቢያስፈርመው ሌስ እኩል የሚከፍልበት ቦታ የለውም። ቦታ ለማግኘት ሌላ ሰው አስቀድሞ መሸኘት አለበት፣ ለዚህ ደግሞ ነገሩ እንደሚመጣበት ማወቅ አለበት።

«አያውቅም» አለ ዋሊ። «የምናውቀው እኔና የቡድኑ ባለቤት ነን። አሁን አንቺ።»

«እኔ መቃብር ነኝ።»

«እማ። ለፍሎ እንኳ እንዳትነግሪ።»

«መቃብር ነኝ አልኩህ!»

ሲሄድ ደጅ ላይ ቆሞ መደገፊያውን በእጁ እየፈተነ፣ «አንድ ሰው ቅርብሽ ቢሆን ጥሩ ነው» አለ። ስለ ብሮዲ ነው።

ጁን 23፣ ሰኞ

አጠብኩ። የብሮዲን ክፍል ከፈትኩት። አንሶላውን፣ መጋረጃውን፣ ሁሉን አወጣሁ። እንግዳ ሲመጣ ብል ብል የሚሸት ክፍል አላስገባም። ሳጥኑ ውስጥ የወጣት ቡድኑን ማሊያ አገኘሁት፣ አሥራ ሰባት፣ ክርኑ ላይ እኔ የጠገንኩት። እሱንም ነከርኩት። ፀሐዩ ደስ ይላል። ገመዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሞላ።

ጁን 24

ፈጣሪዬ።

ፍሎ በአጥሩ በኩል ማሊያውን አየችው። ምንም አልነገርኳትም፣ አንዲት ቃል! ግን በዚህ ከተማ ሴት ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፦ የልጅ አንሶላና ማሊያ አብሮ ከተሰጣ ልጅ ሊገባ ነው። በኦገስት መጨረሻ እንዲህ እናደርጋለን፣ መንገዱ ሁሉ ማሊያ ይሆናል። በጁን ማን ያሰጣል? እኔ ሞኟ።

ፎቶ አንስታ «ባባ ምን እያወቀች ይሆን?» ብላ ለእህቷ ልጅ ላከች። እሱ ለሌላ ላከ። ዛሬ ጠዋት የሬዲዮው የስፖርት ልጅ እየሳቀ፦ «የሳስካቱኑ ሥራ አስኪያጅ እናት የማንን ቁጥር እንዳሰጡ ገምቱ!»

ሬዲዮኑን አጠፋሁት። መልሼ ከፈትኩት። አጠፋሁት።

ፍሎን በአጥሩ በኩል፣ «አንቺ ሴት ዓይንሽን ገመዴ ላይ ምን ሰቀለው?» አልኳት። «ማሊያውን ማን ሰቀለው?» አለችኝ። በሩን ዘግቼ ገባሁ። እኔ!

ለዋሊ አልደወልኩም። እሱም አልደወለም። ሬዲዮ አይሰማ ይሆናል።

ጁን 26፣ ሐሙስ

ሌስ ደወለ። ድምፁን ከሰማሁ አራት ዓመቴ ነው።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት? እጅዎ ተሻለዎት?»

«ተሽሎኛል። ልብስ አጥባለሁ» ከማለቴ በፊት ምላሴን በነከስኩት።

«ሰማሁ» አለ። ሳቀ፣ ክፉ ሳቅ አይደለም። «ንጹሕ ሆነ?»

«ብል ሊበላው ነበር፣ ለዚያ ነው።»

«እማማ፣ ሲዋሹ ያምርብዎታል» አለኝ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ሌላ ወሬ ጀመረ። ለዋሊ ወደ ስዊፍት ከረንት እልከው የነበረውን የፖፒ ፍሬ ጥቅል ዳቦ አነሳ። ግማሹን የሚበላው እሱ ነበር። «ዳቦውን ያካፍለኛል፣ ገመዱን ግን አያስነካኝም» አለኝ።

«የምን ገመድ?»

«እሽጉ የሚታሰርበትን ቀይና ነጭ ገመድ ነዋ። አይቆርጠውም፣ በጥፍሩ ይፈታውና ጠቅልሎ ትራሱ ሥር ያደርገዋል። አንድ ጊዜ ለጫማዬ ማሰሪያ ብወስድበት አፍንጫዬን መታኝ። እስከ ዛሬ ትንሽ ጠማማ ነው።»

ስልኩን ስዘጋ የብሮዲን ክፍል ከፍቼ አየሁት።

ያኔ ዋሊ በሄደ በሳምንቱ አልጋውን አንጥፌ ለሰው ልጅ ሰጠሁት። የመጀመሪያው ከዶፊን የመጣ ቀይ ፀጉር ልጅ ነበር። ሟቹ ባሌ፣ «ትንሽ አትቆይም?» ብሎኝ ነበር። ባዶ ክፍል ማየት አልቻልኩም። የእኔን ሌላ ሴት ታበላልኛለች፣ እኔም የሌላዋን አበላለሁ ብዬ ነው። ትክክል ነው ያልኩት። ሁላችንም እንዲያ ነበር የምናደርገው።

የዋሊ ክፍል ነበር ማለቴ ነው። ሁልጊዜ የብሮዲ ክፍል እላለሁ።

ጁን 28

ሌስ አንድ ተከላካይ ወደ ምሥራቅ ሸኘ። ሬዲዮው «ቦታ ለቀቀ» አለ። ሚስትና ሁለት ሕፃናት ያሉት ሰው ነው። ትምህርት ቤት ሊቀይሩ ነው፣ በእኔ ማሊያ ሰበብ።

ጁን 29፣ እሁድ

ዋሊ አልመጣም። ሥራ ነው። መደገፊያውን ይዤ አምስት ጊዜ ወርጄ ወጣሁ፣ ለእጄ ጥሩ ነው።

ጁላይ 1

አደረገው! ብሮዲ ፈረመ፣ ዋሊ ውሉን ለሬጃይናዎች ላከ። ሰባት ቀን። ከተማው ለአገሩ በዓል ርችት ይተኩሳል፣ ፍሎ ለእኔ የሚተኩሱ ይመስል እጇን ታወዛውዝልኛለች።

ለዋሊ ደወልኩ። «ሌስ ቦታ ለቋል እኮ፣ ለምን ትልካለህ?» ብለው፣ «ወሬው ወጥቷል እማ፣ አሁን ብተወው ሰረቀ መባሉም አይቀርልኝ፣ ልጁም አይመጣ» አለኝ። ሌስ ስልኩን አያነሳለትም።

ማሊያውን እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ስለ አየሩ አወራሁ።

ጁላይ 3

ሁለት ቀን አለፈ። ሃምሳ ፔሮጊ፣ ድንች የተሞላ ሊጥ፣ ጠፍጥፌ በረዶ ቤት አስገባሁ። ብሮዲ በጨዋታ ቀን ምሳ ላይ ሦስት ሳህን ይበላል፣ ያለ ክሬም፣ ከዚያ ካልሲውን አውልቆ ይተኛል። ሁሉንም አውቃለሁ። የአሥራ አንዱንም አውቃለሁ። የቀይ ፀጉሩ እንቁላል ተቀቅሎ ድርቅ ያለ ነው።

የዋሊን አላውቅም። ድሮ የእንቁላል ፍርፍር ይወድ ነበር፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እያለ።

ጁላይ 5

ይቀር ይሆን። ይመጣ ይሆን። ቢመጣ ጆስሊን። ቢቀር ዋሊ። ፀሎቴን የቱ ጋ እንደምጀምር ጠፋኝ፣ ሁለቱንም ባርክ ብዬ ተውኩት፣ እሱ ይወቅበት።

ጁላይ 7፣ ሰኞ

እኩል ከፈሉ። ብሮዲ ሬጃይና ቀረ።

ወዲያው ለዋሊ ደወልኩ፣ እንዲህ ያለውን ካዘገየሁ እንደማልናገር አውቃለሁ። «ዋሊ፣ ማሊያውን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«ሌላ ማን ሊያጥበው ኖሯል፣ እማ?»

«ታውቅ ነበር?»

«የፍሎ ፎቶ ከሬዲዮው ቀድሞ ነው ቢሮዬ የደረሰው።»

«ታዲያ ለምን አልጮህክብኝም?» አልኩት። «ደግሞም ዋሽቼሃለሁ። ልጁ መሄድ እንደማይፈልግ ነግሮኝ ነበር። ቤት ገዝቷል።»

ቀስ ብሎ፣ «የኔስ ማሊያ አለሽ?» አለኝ።

የለኝም። ወይዘሮ ሃልቮርሰን ናት ስታጥብለት የኖረችው። ድስቱ አረረ ብዬ ዘጋሁት። ድስት አልጣድኩም ነበር።

ጁላይ 8

ብሮዲ ደወለ። «ባባ፣ አትቀየሚኝ። ስለቀረሁ ደስ ብሎኛል።»

«ታዲያ ምን ብለህ ፈረምክ አንተ?»

«ዋሊ እናቴ ወድቃ ነበር አለኝ። ለሦስት ሳምንት ማንኪያ መያዝ አቅቷት ለእኔ እንኳ ደህና ነኝ እያለች ነበር አለኝ። እኔ አላወቅኩም ባባ። አንቺ ትንሽ ተጋጨሁ ነው ያልሽኝ።»

ለዋሊም ደህና ነኝ ነበር ያልኩት። ማንኪያውን እንዴት አየው?

ብሮዲን፣ «ደግ አደረግክ፣ ውሻውን ግዛ» አልኩት። በሴፕቴምበር ከጆስሊን ጋር ይመጣሉ። ስልኩን ስዘጋ ይከፋኛል ብዬ ተቀምጬ ጠበቅኩ፣ አልከፋኝም።

ጁላይ 10

የብሮዲ ነገር አበቃ። ከእንግዲህ ዋሊ ለምን ይመጣል? ይኸው ነው። ፔሮጊውን ለፍሎ ግማሹን ሰጠኋት፣ ታርቀናል።

ጁላይ 12፣ ቅዳሜ

መኪና ቆመ። ዋሊ፣ ሻንጣ ይዞ።

«የብሮዲ ነገር አብቅቷል እኮ» አልኩት ደጅ ላይ። ሰው ሲመጣ እንዲህ ይባላል? እኔ ነኝ ያልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ማደር ይቻላል?»

ሌስ ስልኩን አንስቶለታል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሰደበኝ፣ ከዚያ ስለ አፍንጫው አነሳብኝ አለ። የቡድኑ ባለቤትስ ብለው፣ እስከ ሴፕቴምበር ይታገሰኛል፣ ከዚያ እናያለን አለ።

ሻንጣውን ይዞ ገባ። የት እንደሚያስቀምጠው አልነገርኩትም፣ አልጠየቀኝምም።

ጁላይ 13፣ እሁድ

እግሩ ከአልጋው ጫፍ ወጥቶ ተኝቷል። ብርድ ልብስ ደረብኩበት። እንቁላል በእጄ ይዤ ምድጃው ጋ ቆምኩ። ወይዘሮ ሃልቮርሰን በሕይወት አለች፣ ዘጠና ሁለት ዓመቷ ነው፣ ደውዬ ልጠይቃት አልኩ። ኋላ አፈርኩ። እሱኑ ጠበቅኩት።

«እንቁላል እንዴት ነው የምትወደው?»

«ግድ የ—»

«ግድ የለም የሚባል እንቁላል አላውቅም! ተናገር።»

ተቀመጠ። አሰበ። «አስኳሉ ሳይፈርስ፣ ዳር ዳሩ ከረር ብሎ። በርበሬ የለበትም።»

ይኸው ጻፍኩት።

ከበላ በኋላ ከሻንጣው አንድ ጥቅል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ በቀይና ነጭ ገመድ የታሰረ። ገመዱን አውቀዋለሁ፤ የማመጣበት የነበረው ሥጋ ቤት ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ጋዜጣው ውስጥ ያለው ማሊያ ነው፣ አራት ቁጥር፣ ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል።

«ቆሽሿል» አለኝ። ጆሮው ቀልቷል።

ገመዱን አልቆረጥኩትም። ጣቶቼ እንደ ድሮው አይደሉም፣ ብዙ ቆየሁበት። ጠበቀኝ። ፈታሁት።

ጁላይ 14፣ ሰኞ

አጠብኩ። ማሊያውን የልብስ ገመዱ ላይ ብቻውን ሰቀልኩት፣ መሐል ላይ፣ ከመንገድ እንዲታይ።

ፍሎ ወዲያው በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። «አራት ቁጥር ደግሞ የማን ነው?»

«የልጄ።»

«የትኛው?» አለችኝ።

«የመጀመሪያው» አልኳት።